ለደብረ ብርሃን ውርጭ ራዲያተር ውስጥ ምን ያህል ኩላንት?

ከህዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ይገኛል። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ በራዲያተሩ ተራ ውሃ ይዞ ወጥቶ ደጅ የሚያድር መኪና የሚጎዳው በእንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መውጫ ሲያጣ የራዲያተሩን ቱቦ ይተረትራል፣ ሲብስ ሞኖብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) ይሰነጥቃል። ጥርት ባለ ሌሊት ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛልና ስልክ ላይ የሚታየው "1 ዲግሪ" መተማመኛ አይሆንም።

መፍትሔው ውሃው ከ0 ዲግሪ በታች እንዲረጋ የሚያደርግ ነገር ማሟሟት ነው። 0 ዲግሪ ላይ ወደ በረዶው የሚገቡትና ከበረዶው የሚላቀቁት የውሃ ሞለኪውሎች እኩል ናቸው። ውሃው ውስጥ ሌላ ነገር ከሟሟ በረዶው አይቀበለውም። የሟሟው ነገር ፈሳሹ ውስጥ ቦታ ይዞ ስለሚቀር የሚገቡት ያንሳሉ፣ የሚላቀቁት ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ሚዛኑ የሚመለሰው ይበልጥ ሲበርድ ነው። ወሳኙ የቅንጣቶቹ ብዛት ነው እንጂ ዓይነታቸው አይደለም፦ በ1 ኪሎ ውሃ 1 ሞል (በኬሚስትሪ ቅንጣት የሚቆጠርበት ቋሚ ብዛት) ቅንጣት ውሃው የሚረጋበትን ነጥብ በ1.86 ዲግሪ ያወርዳል። በአንድ ሊትር ውሃ 100 ግራም ስኳር ግማሽ ዲግሪ ብቻ ሲያወርድ፣ 100 ግራም ጨው ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነና ሲሟሟ ለሁለት ስለሚከፈል 6 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ሆኖም ጨው ብረቱንም አልሙኒየሙንም ይበላል። አረቄም ያወርዳል፣ ግን ሞተሩ ሲሞቅ አልኮሉ ይተናል፣ እሳትም ይይዛል። የደብረ ብርሃን አረቄ ከራዲያተር የተሻለ ቦታ አለው።

ስለዚህ ኤትሊን ግላይኮል ያለበት ኩላንት ነው የሚያዋጣው። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ለመቋቋም በሊትር ውሃ 150 ሚሊ ሊትር ግላይኮል በሂሳብ ይበቃል። ይህን ይዞ መቆጠብ ግን ኪሳራ ነው፤ የዝገት መከላከያው የሚመጣው ከግላይኮሉ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ አንዱ ሲቀጥን ሌላውም ይቀጥናል። ከ33 በመቶ በታች አታውርዱት። 50 በመቶው እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ይይዛል። ንጹሁን መሙላትም አይሻልም፦ ብቻውን ከሆነ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፣ ሙቀትም በደንብ አይሸከምም። ቀለሙ አረንጓዴም ሆነ ቀይ ስለ መጠኑ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ ላይ ነው። ራዲያተሩን አፍስሳችሁ በውሃ ስታጥቡት፣ ሞኖብሎኩ ውስጥ የማይወጣ ውሃ ይቀራል። ከዚያ በላይ "50/50" ተብሎ የተዘጋጀውን ብትሞሉ ከግማሽ በታች ይቀጥናል። የተሻለው ያልተበረዘውን ኩላንት መግዛትና ከጠቅላላው መጠን ግማሹን መጀመሪያ ማስገባት ነው፦ 8 ሊትር ለሚይዝ ሞተር 4 ሊትር። ከዚያ በተጣራ የባትሪ ውሃ ሙሉት (ለባትሪ የሚሸጠው አሲድም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ)። የጉድጓድ ውሃ ኖራ እየጋገረ ቱቦውን ይደፍናል። የካቢን ማሞቂያውን ሙቁ ላይ አድርጋችሁ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) እስኪከፈትና አየሩ እስኪወጣ አስነሱት፤ ሲበርድ የጎደለውን ጨምሩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ታፖውን (የራዲያተሩን ክዳን) እንዳትከፍቱ።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግላይኮሉ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ የጭነት መኪና ከታፖው ግፊት ጋር ሁለት ጥቅም ያገኝበታል። ችግሩ ዳገቱ ላይ በጎደለ ቁጥር ተራ ውሃ ሲጨመርበት ነው። 8 ሊትር ከሚይዘው፣ 50 በመቶ ከሆነው ላይ አንድ ሊትር እየጎደለ በውሃ ሲተካ፣ በሦስተኛው 33 በመቶ፣ በአምስተኛው 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

የኩላንት መለኪያ ከሌላችሁ ከራዲያተሩ ትንሽ ቀድታችሁ በተከደነ የፕላስቲክ ዕቃ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አሳድሩት። ፈሳሽ ሆኖ ካደረ ከ33 በመቶ በላይ ነው። ጭቃ የመሰለ በረዶ ከያዘ ድንበሩ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚረጋው ውሃው ብቻ ስለሆነ የተረፈው ፈሳሽ ይበልጥ ይወፍራል። ድንጋይ ከሆነ ቀይሩት። ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ዕቃውን ለምግብ እንዳትመልሱት፣ የፈሰሰውንም ልጅና ውሻ ሳይደርስበት እጠቡት።