ጥልቅ እንቅልፍን በደካማ ኤሌክትሪክ ለማገዝ ያደረግሁት ሙከራ

ጥልቅ እንቅልፍ ትልልቅና ዝግተኛ የአንጎል ሞገዶች የሚበረክቱበት ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛው የሚገኘው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን የሉቤክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሊዛ ማርሻል፣ ያን ቦርንና ባልደረቦቻቸው፣ ለተኙ ተማሪዎች በ0.75 ኸርዝ (በሰከንድ 0.75 ጊዜ) የሚመላለስ ደካማ ኤሌክትሪክ በግንባራቸው በኩል ሲሰጧቸው፣ ማታ ያጠኗቸውን ጥንድ ቃላት ጠዋት በተሻለ እንዳስታወሱ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥናቶች ይህን ውጤት ያልደገሙትም አሉ፤ እንቅልፍ ማጣት ለዓመታት ላንገላታኝ ለእኔ ግን ለመሞከር በቂ ምክንያት ነበር።

ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ መሣሪያ በባትሪ የሚሠራና 1 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ነው። ከመጀመሬ በፊት እዚሁ ጎንደር የነርቭ ሐኪም አማከርሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ወይም በደረቱ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው በቤቱ ሊሞክረው አይገባም።

ብዙ ያስተማረኝ የፀጉሬ ነገር ነው። ሹሩባ ተሠርቼ ቅቤ በተቀባሁበት ሰሞን መሣሪያው ንክኪ ስለማያገኝ ራሱን ያጠፋ ነበር፤ ቅቤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። ቢያልፍም እንኳ በጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ ቆዳን ይለበልባል። ስለዚህ የፊቱን ፀጉር በሳሙና አጥቤ፣ እስከ ቆዳው ከፍዬ፣ በጨው ውኃ የራሰውን ስፖንጅ አጥብቄ አስርበት ጀመር፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ብቻ ነው።

መሣሪያው ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብቻ ሰጥቶ ቀስ ብሎ የሚያቆምበት ማስተካከያም አለው። እህቴ በየማታው ከእውነተኛውና ከዚህ ሐሰተኛ አሰጣጥ አንዱን መርጣ ሳትነግረኝ በደብተሯ ትመዘግባለች፤ እኔ ደግሞ ጠዋት እንዴት እንዳደርሁ እጽፋለሁ። ሁለቱን ደብተሮች ስናስተያይ በእውነተኛውና በሐሰተኛው ማታ መካከል ልዩነት አላገኘንም። ጎልቶ የታየው የማምሻ ቡና ነው፤ ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከጎረቤት ጋር በረካ ድረስ በጠጣሁበት ማታ ሁሉ እንቅልፌ ተቆራርጧል። ጎረቤቶቼን አስረድቼ ቡናችንን ወደ ጠዋት አዛውረነዋል።

ሉቤኮች ኤሌክትሪኩን የሰጡት እንቅልፍ ከወሰደ በኋላ፣ በዝግተኛው ሞገድ ምት ልክ ነበር፤ የእኔ መሣሪያ የሚሰጠው ግን ከመተኛት በፊት፣ ያለ ምንም ምት ነው። የአንጎልን ሞገድ እያነበበ በጊዜው የሚሰጥ መሣሪያ ካገኘሁ፣ ከእህቴ ጋር በዚሁ መንገድ እፈትነዋለሁ።