የዘጌ የእግር መንገድ

ባቡር ጎጃም አልገባም። በገባበት በአንዳንድ አገር ግን ሥራ ያቆመ ሐዲድ ይነቀልና አስፋልት ይነጠፍበታል፤ ከዚያ በኋላ እግረኛውም፣ ብስክሌተኛውም፣ ወፍ ለማየት የመጣውም ይሄድበታል። ባቡር ዳገት ስለማይችል እንዲህ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ አይልም። ጉልበት የከዳው አዛውንትም አይቸገርበትም። ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የእግር መንገድ ሳስብ ይህ ይመጣብኛል፤ ቢነጠፍ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

የዘጌ ጫካ እስከ ዛሬ የቆመው በክልከላ ነው። በገዳሙ ትውፊት የአቡነ በትረ ማርያም በትር ከሦስት ተሰብሮ ሲተከል አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ፤ ሕዝቡም በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ቀንድ ከብት እንዳያረባ ታዘዘ። ጎጃምን የሚያህል የሞፈርና የቀንበር አገር ውስጥ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ዙሪያው እርሻ ሲሆን ዘጌ ላይ ግን ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሾላውና ዋርካው አለ፤ ከሥራቸው ቡና። ቡናው ጥላ ይወዳልና ዛፉን የቆረጠ ቡናውንም ይጎዳል። ትእዛዙን ያጸናው እምነቱ ብቻ ሳይሆን ይህም ይመስለኛል።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ይበጃል። ጣና ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባውን ይመታዋል፤ ከወገብ በላይ ያለው ልብስ ሳይቀር ይርሳል። በዚያ ላይ ወፉ የሚንቀሳቀሰው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። 4 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ቡናውን ያያል፣ ወፉን ግን በድምፅ ብቻ ይሰማዋል።

ወፍ ፍለጋ በእግር ብዙ መዞር አያስፈልግም። ፍሬው የበሰለ ሾላ ወይም ዋርካ ፈልጎ፣ ከግንዱ 20 እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት መቆም ይበልጣል። ከግንዱ ሥር የቆመ ሰው ቅጠል እንጂ ወፍ አያይም፤ አንገቱም ይታመማል። ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተደረበበት ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ሳይታይ ይሰማል፤ ክንፉ አየሩን ሲቀዝፍ ወናፍ የሚነፋ ይመስላል። ሴቷ ለመፈልፈል የግንድ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ አፉ በጭቃ ተደፍኖ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ ወንዱ በዚያች ቀዳዳ ፍሬ ያጎርሳታል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሥር መቆም የማይገባው። ሰው ካለ ወንዱ አይቀርብም፤ እናትና ጫጩት ጦማቸውን ይውላሉ።

ሶሪት የሚባለው ወፍ ሌላ ነው። ከመብረር ይልቅ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ መሮጥ ስለሚወድ ቅጠሉ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይጠፋል። ዓይን መከተል ያለበት የሚወዛወዘውን ቅጠል ነው። ሲበር ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ይፈነጥቃል፤ ያ ቀለም በውስጡ መዳብ አለው፣ እውነተኛ መዳብ።

የርቀት መነጽር ለያዘ 8 በ42 የሚባለው ይስማማል። ስምንቱ የማጉላቱ ልክ ነው፤ 42ቱ ብርሃን የሚገባበት የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 ወይም 12 የሚያጎላ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ 25 ሚሊሜትሩ ደግሞ ለኪስ ቢመችም በቡና ጥላ ሥር ይጨልማል።

ጦጣ መፈለግ አያሻም፣ ራሱ ይመጣል። የፌስታል ድምፅ ከምግብ ጋር አገናኝቶ ስለሚያውቅ ቆሎም ሆነ ሙዝ ክዳን ባለው ዕቃ ቢያዝ ይሻላል። አንድ ጊዜ የቀመሰ ጦጣ ቀጣዩን መንገደኛ ቦርሳውን ይቀማዋል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሴትም ወንድም ይገባል፤ ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ማሰሪያው ረጅም የሆነ ቡትስ ያስቸግራል፤ ግን ሶሉ የለሰለሰ ነጠላ ጫማም በክረምት አይሆንም። ጭቃው ላይ ቅጠል፣ ቅጠሉ ሥር የዛፍ ሥር አለ፤ የሚያንሸራትተው ይህ ነው። ዱላ ይያዝ። ጭቃውን ለመታጠብ ግን ሐይቁ ዳር እግር መንከር አይገባም፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያው ሣሩ ውስጥ ነው። ውሃ በጠርሙስ ይዞ ደረቅ መሬት ላይ መታጠብ ነው።

አሁን ወደ ንጣፉ። ከጀልባው ማቆሚያ ወደ ዑራ የሚያወጣው ዳገት በተሽከርካሪ ወንበር አይሞከርም፤ ለዚያ በ100 ሜትር ከ5 ሜትር በላይ ከፍ የማይል መንገድ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ጫካውን ቆርጦ መጠማዘዝ ነው። ለአዛውንቶች ግን የድንጋይ ደረጃ ይበቃል፤ ቁመቱ ከ15 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ በየጥቂት ደረጃው ማረፊያ ያለው። ዋናው ውሃው ነው። ዝናቡ መንገዱን ቦይ አድርጎ እንዳይወርድ በየመካከሉ ድንጋይ አግድም፣ ትንሽ ሰያፍ ተደርጎ ይቀበራል፤ ውሃው ወደ ጎን ይወጣል። ሲሚንቶ ብቻ አፍስሶ የሄደ ሥራ ጠርዙ በክረምት ይሸረሸራል፣ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ዋርካ አጠገብ ደግሞ ጨርሶ ባይፈስ ይሻላል፤ ሥሩ ያነሣዋል፣ ሥሩን የቆረጠ ደግሞ ወፉ የሚመጣበትን ዛፍ አደረቀ ማለት ነው። ከዑራ አፋፍ ወደምትባለው መንደር በቡናው ውስጥ የሚሄደው መንገድ ግን እንዳለ ይቅር። አፈር ላይ የሄደ እግር ድምፅ የለውም።