አንዲት እንሽላሊት ሦስት ጊዜ ስትሣል

ባለፈው ያሳየኋችሁን ሥዕል ቀድጄዋለሁ። እንሽላሊቷን አለት ላይ ደረቷን ቀና አድርጋ ፀሐይ ስትሞቅ ነበር የሣልኳት። ልጅ ሆኜ የድንጋይ አጥር ላይ የማየው ገበሎ ከእጄ አልወጣ ብሎ መሆን አለበት። የካሪቢያኗ የሴንት ክሮይ ደሴት እንሽላሊት ግን የመሬት ፍጡር ናት። ምላሷን ብልጭ እያደረገች የረገፈ ቅጠል ትጭራለች፣ አፈር ትቆፍራለች፣ የምታገኛትን ትንንሽ ነፍሳት ትለቅማለች። ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራ አንገቷን ዝቅ፣ ሆዷን ወደ መሬት ቀረብ አደረግኩት። ወዲያው ነፍስ ዘራች።

ያስቸገረኝ ጅራቷ ነው። ሰማያዊና ጥቁር ቀለበት እየተፈራረቀ እስከ ጫፉ ይወርዳል። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ትልቋ እንኳ 8 ሴንቲ ሜትር ስለማትሞላ፣ በልኳ ልሣላት ብዬ ተነሣሁ፤ ቀለበቶቹ ተደባልቀው የከሰል ፍም መሰሉ። በሦስተኛው እጥፍ አሳደግኳት። ሰማያዊውን ጅራቱ ላይ በሙሉ ቀብቼ ጥቁሩን ከላይ ደረብኩበት። ጥቁሩን ካስቀደማችሁ የእርሳሱ ዱቄት ሰማያዊውን ያቆሽሸዋል። በየሁለት ቀለበቱ እርሳስ መቅረጽም ግድ ነው። የጉሮሮዋ ሮዝ ቀለም ግን አንድ ስስ ንብር ብቻ በቃው።

ከኋላዋ ሴንት ክሮይ ላይ ያለችውን የክርስቲያንስቴድን ከተማ ልሣል ነበር ሐሳቤ። ሳነብ ግን እንሽላሊቷ ከዋናው ደሴት ከጠፋች ቆይታለች፤ እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1968 ፍሬድሪክስቴድ በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። በ1880ዎቹ፣ ደሴቷ በዴንማርክ እጅ ሳለች፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻውን ከአይጥ ያድናል ተብሎ ሞንጉስ የሚባል ሸለምጥማጥ መሰል አውሬ መጣ። አይጥ ሌሊት ይወጣል፣ ሞንጉሱ ቀን ያድናል። ቀን መሬት ለመሬት የምትሄደው ደግሞ እሷ! ይህን ያሰበ ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያናድደኛል።

ዛሬ ያለችው በዙሪያው ባሉ አራት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው፦ ፕሮቴስታንት ኬይ፣ ግሪን ኬይ፣ ሩት ኬይና ባክ አይላንድ። የመጨረሻዋ ላይ መጀመሪያ ሞንጉሱና አይጡ ተጠራርጎ ወጣ፤ ከዚያ በ2008 ከግሪን ኬይ 57 እንሽላሊቶች ተወስደው ተለቀቁ፣ ተራብተውም ደሴቷን ተስፋፉባት።

ከተማውን በላጲስ አጥፍቼ የግሪን ኬይን ደረቅ ቅጠልና በቅርንጫፍ መሃል ሾልኮ የወረደ ፀሐይ እየሣልኩ ነው። ቅጠሎቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እየሆኑብኝ ተቸግሬያለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ እጄ ራሱን መድገም ይጀምራል። ከእውነተኛ ቅጠል እያያችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ስንቱን ለቅማችሁ ነው ጠረጴዛ ላይ የምትበትኑት?