ሆስፒታሉ ሲለቅ፣ ሰፈሩ ሲለካ

የሰፈራችን ሆስፒታል ሊለቅ ነው። ሩቅ አይሄድም። ከሴሚናሪ መንገድ ተነስቶ ድሮ ላንድማርክ ሞል ወደነበረበት ነው የሚሄደው። መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ የነገረችኝ ጨመረበት። ሁለቱንም እዚህ ልዘርግፋቸው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አውራ ጎዳናው 395 ሴሚናሪ መንገድን በሚያቋርጥበት አካባቢ ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች አሉ። የኛ ሰው ሞልቶባቸዋል። ሊፍት ውስጥ ሰላምታ በአማርኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኮሪደሩ በሙሉ ቡና ቡና ይላል። ከታች የሚቆሙት መኪኖች ግማሾቹ የኡበርና የታክሲ ናቸው፤ ከላይ የሚኖሩት ሴቶች አብዛኞቹ እንደኔ አዛውንት የሚንከባከቡ፣ ሆስፒታል የሚያጸዱ፣ ነርስነት የሚማሩ ናቸው። የአውራ ጎዳናውን ድልድይ ተሻግሮ ትንሽ እንደተሄደ ሆስፒታሉ ይመጣል። ልጄን የወለድኩት እዚያ ነው። በእግሬ ሄጄ ማለት ይቻላል፤ ባሌ መኪናውን ሥራ ይዞት ሄዶ ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሰፈር ግን ሌላ ነው። ነጠላ ቤቶች፣ ትልልቅ ዛፎች፣ በደንብ የታጨደ ሣር። ሆስፒታሉ የተቀመጠው እነዚህ ቤቶች መሃል ነው። መጀመሪያ እዚያ አልነበረም። በ1872 (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) ጁሊያ ጆንስ የምትባል ሴት ነች ያቋቋመችው፤ የዚያን ጊዜ ከተማዋ ማለት ወንዙ ዳር ያለው አሮጌው ከተማ ነበር። ወደ ሴሚናሪ መንገድ የወጣው በ1960ዎቹ ነው። እና አሁን ለሌላ ጉዞ ተነስቷል። ሕንፃው አርጅቷል። በቤቶች በተከበበ ግቢ ውስጥ፣ በሽተኛ እያከሙ፣ አንዱን ክንፍ አፍርሶ ሌላውን መሥራት ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። አንድ ፎቅ ልጨምር ቢል ጥላው ጎረቤት ጓሮ ላይ ያርፋል። መኪና ማቆሚያ ላስፋ ቢል ዛፍ ይቆረጣል። በዚያ ሰፈር ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

የሰፈሩን ሰው አቅም ያወቅኩት በ2019 ነው። የከተማው ምክር ቤት ከሆስፒታሉ አጠገብ የሚጀምረውን የሴሚናሪ መንገድ ክፍል ከ4 መስመር እንዲጠብ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የብስክሌት መስመር ይግባ፣ እግረኛ ይሻገር ተብሎ ነው። አቤት የተነሳው ጫጫታ! በየቤቱ ሣር ላይ የተቃውሞ ሰሌዳ ተተከለ። አምቡላንስ በየት ይለፍ ተባለ። የከተማው ምርጫ ሁሉ በዚያ መንገድ ዙሪያ የሚዞር እስኪመስል ድረስ ተከራከሩ። እኔ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ ሰሌዳዎቹን እያነበብኩ አልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው። ለአንድ የመንገድ ቀለም ይህን ያህል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲናገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ላንድማርክን ደግሞ ላውራላችሁ። በ1965 የተከፈተ የገበያ ማዕከል ነበር። መጀመሪያ እንደመጣሁ ክረምት ላይ ጃኬት የገዛሁት እዚያ ነው። ከዚያ ሱቁ አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። በ2017 ሞሉ ራሱ ተዘጋ። ባዶውን ቁጭ ብሎ ፊልም ተቀረጸበት፤ አንደኛው ትልቁ መደብር ለጊዜው ቤት የሌላቸው ሰዎች መጠለያ ሆነ። ከ20 ሄክታር በላይ መሬት፣ አብዛኛው አስፋልት፣ እዚሁ ከተማው ውስጥ።

በ2021 በጋ ላይ ነገሩ ተቋጨ። ከተማው 140 ሚሊዮን ዶላር ሊበደር ተስማማ። ከዚያ ውስጥ 54 ሚሊዮኑ ለሆስፒታሉ የሚሆነውን መሬት መግዣ ነው፤ የቀረው ለመንገድ፣ ለቧንቧ፣ ለመሰል ሥራ። መሬቱ የከተማው ሆኖ ይቀጥላል፤ ሆስፒታሉን ለሚያስተዳድረው ለኢኖቫ በ99 ዓመት ሊዝ ይሰጣል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሊዝ! አዲስ አበባ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመንም 99 ዓመት ነው። እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አዲሱ ሆስፒታል በ2028 ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ለከባድ አደጋና ለካንሰር ሕክምና የሚሆን ማዕከል ይኖረዋል።

አሁን ወደ ዞኒንጉ፣ ማለትም የትኛው መሬት ላይ ምን ይሠራ ወደሚለው ሕግ ልምጣ። እዚህ አገር እያንዳንዷ ቁራሽ መሬት ካርታ ላይ የራሷ መለያ አላት። አንዷ ላይ ነጠላ ቤት ብቻ፣ ሌላዋ ላይ አፓርታማ፣ ሌላዋ ላይ ሱቅ። ባለቤት ብትሆንም መለያው ካልፈቀደልህ ጡብ አትደረድርም። ለላንድማርክ የወጣው መለያ ሆስፒታልም፣ አፓርታማም፣ ሱቅም፣ መናፈሻም የሚፈቅድ ነው። የድሮው የሆስፒታል ቦታስ? ከ13 ሄክታር በላይ ነው። እሱ የመኖሪያ ቤት ቦታ እንዲሆን ተወሰነ፤ ነጠላ ቤቶችና ታውንሃውስ (ግድግዳ ተጋርተው የሚደረደሩ ባለ ፎቅ ቤቶች) ይሠሩበታል። ብዙ ቦታ ሆስፒታል ሊሰፋ ሲል ነው መኖሪያው የሚነሳው። እኛ ጋ ሆስፒታሉ ተነስቶ ቦታውን ለመኖሪያ ሊለቅ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። ስለ ሆስፒታሉ መሄድ ቅሬታ የለኝም። 35 ቁጥር አውቶብስ በኛ ሕንፃዎች በኩል አድርጎ ወደ ላንድማርክ ይሄዳል፤ ከ2021 መስከረም ጀምሮ ደግሞ የከተማው አውቶብስ በነፃ ነው። ሰፊና አዲስ ሆስፒታል ማን ይጠላል? ግን ለድሮው ቦታ የተመረጠው ቤት ማንን አስቦ ነው? እዚህ ከተማ አዲስ ታውንሃውስ ወደ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በዚያ ሆስፒታል ኮሪደር የሚወለውለው፣ ምግብ የሚያድለው፣ በሽተኛ የሚያገላብጠው ሰው ድልድዩ ወዲህ ሆኖ ኪራዩን ይከፍላል። በላንድማርክ በኩል ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሆኑ አፓርታማዎች እቅዱ ውስጥ ገብተዋል፤ ያ ጥሩ ነው። ከዛፎቹ ሥር ግን እንደነሱ ያለ ቤት ነው የሚመጣው። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። እኔም ቤት ቢኖረኝ የአምቡላንሱ ጩኸት ሄዶ ጸጥ ያለ ጎረቤት ቢመጣልኝ አልጠላም።

ስብሰባዎቹን ስልኬ ላይ አያለሁ። ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ አለው። ወረቀታቸውን አስተካክለው የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ 3ቱን ደቂቃ በቤታቸው ለክተው የመጡ ናቸው። የአንቀጽ ቁጥር ይጠቅሳሉ። ከዓመታት በፊት የተሰጠ የስብሰባ ቃል ያስታውሳሉ። አንዱ ስለ ጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ብቻ ተናግሮ ወረደ። ከኛ ሕንፃ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አላይም። ቅዳሜ ጠዋት ማለት ግማሹ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ የሚተኛበት፣ ግማሹ የሚገባበት ሰዓት ነው። ከተማው ማስታወቂያውን በአማርኛ ተርጉሞ ያወጣል፤ ይመስገን። እንቅልፍ ግን አይተረጎምም።

እማዬ የደወለችው በዚህ መሃል ነው።

አዲስ አበባ የተወለድኩበት ሰፈር ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሰፈሩ ለሆስፒታሉ ማስፋፊያ ተለክቷል። መጀመሪያ ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። ቀጥሎ በየበሩ ቀይ ቁጥር ተጻፈ። የኛ ቆርቆሮ በር ላይ የተጻፈው ቀለሙ ወርዶ ወርዶ ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤው ደረሰ። የልማት ተነሺ ሆነዋል።

እማዬ ሆስፒታሉን አልጠላችም። እንዴት ትጠላለች? አባቴ በታመመ ጊዜ አልጋ ጠፍቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ዘርግተን ነው ያደረው። ሴረሙን መስኮት ላይ ሰቅለን። “ይስፋ ልጄ፣ ይስፋ፤ የሌላው አባት መሬት ላይ አይተኛ” ነው ያለችው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን “ግን እኛንስ ወዴት?” ነበር።

ሕጉን አነበብኩላት። መሬቱ ቀድሞም የሷ አይደለም፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 (የአዋጆቹ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ማንም ባለ ይዞታ እንጂ ባለ መሬት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ካሳው ለቤቱ ነው፤ ለጡቡ፣ ለቆርቆሮው፣ ለአጥሩ። ምትክ ቦታ ደግሞ አለ። ሰው ሲነሳ የሚመራበት አዋጅ 1161/2011 ከበፊቱ ይሻላል። ካሳው ቀድሞ ይከፈል ይላል። ቦታው እንደገና የሚለማ ከሆነና በፕላኑ መሠረት መሥራት የሚችል ባለ ይዞታ ካለ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል፤ ሆስፒታል ሲሆን ግን ያ በር ዝግ ነው፣ እማዬ የቀዶ ሕክምና ክፍል አትሠራም።

አንዱ አንቀጽ ላይ ቆም አልኩ። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ ይከፈላል ይላል። አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ፣

“እድሩን በስንት ገመቱት?” አለችኝ።

የሰፈሩ እድር የደርግ ጊዜ ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቶቹ፣ በቁጥር የተለጠፈባቸው ወንበሮች እኛ ቤት ጓሮ ባለው መጋዘን ነው የሚቀመጡት። ቁልፉ እማዬ አንገት ላይ ነው። ሰው ሲሞት በሌሊት የሚንኳኳው የኛ በር ነው። ምትክ ቦታ ሲሰጥ አንዱ ወደ አንዱ ዳር፣ አንዱ ወደ ሌላው ዳር ይበተናል። የቀበሌ ቤት ተከራዮቹ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይባላሉ። የኛ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንጀራ የምትሸጠው ልጅ ግን ካርታም የቀበሌ ደብተርም የላትም። ስለሷ ደብዳቤው ላይ ምንም የለም። እዚያም እዚህም ተከራይ ተከራይ ነው።

ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታልና ሰፈር ተቀላቅለው የተወለዱ ናቸው። ታክሲ ረዳት “ጳውሎስ! ጳውሎስ!” ሲል ሊታከም የሚሄድ የሚመስለው የለም፤ ሰፈር ነው። ዘነበወርቅ የሚለው የሰፈር ስም የመጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው ሆስፒታል ነው። ሕሙማኑ ለመታከም ከየአገሩ መጡ፣ አጠገቡ ጎጆ ቀለሱ፣ ልጅ ወለዱ፣ ከተማ ሆነ። ሆስፒታሉ ያመጣውን ሰው ሆስፒታሉ ሲሰፋ ማንሳት፣ እማዬ እንደምትለው፣ “ጠርቶ ማባረር” ነው።

የኛን የአሌክሳንድሪያውን ነገር ስነግራት ግን ሳቋ መጣ። “እናንተ ጋ ሆስፒታሉ ነው ለቤት የሚለቀው? እስቲ ያንን ከንቲባ ወዲህ ላኩት!” አለች። ለማን ቤት እንደሆነ ነገርኳት። “ታዲያ ምኑን ተለየ” ብላ ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

እኔ ግን ለከተማው ጻፍኩ። በአማርኛ። ሁለት ጥያቄ ነው የጻፍኩት። አንደኛው፣ ሆስፒታሉ ላንድማርክ ሲገባ 35 ቁጥር አውቶብስ የሌሊት ሺፍት ለሚገባና ለሚወጣ ሰው በሰዓቱ በሩ ድረስ ይመጣል ወይ? ሁለተኛው፣ የድሮው ቦታ ላይ ከሚሠሩት ቤቶች ውስጥ ሆስፒታል የሚያጸዳ ሰው ሊከራየው የሚችል ስንት አለ? ሕንፃችን ውስጥ ለሚኖሩ ለሚያውቁኝ ሴቶችም አነበብኩላቸው። አንዷ፣ ነርስነት ልትጨርስ አንድ ሴሚስተር የቀራት፣ “ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሄጄ እናገረዋለሁ፣ 3 ደቂቃውን ብቻ በደንብ ጻፊልኝ” አለች። እየጻፍኩላት ነው።

ይህንን ለእማዬ ብነግራት፣ “አቤቱታ መጻፍ ካወቅሽማ የኛንም ጻፊ እንጂ” አለችኝ። ሕጉ ትዕዛዙ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አቅርቡ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ አለ። ከ30ው ብዙው ሄዷል። ዛሬ ሺፍት የለኝም። በቴሌግራም ልልክላት፣ እሷ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ካለው ኮፒ ቤት ልታሳትመው ተነጋግረናል። የግምቱን ዝርዝር እንዲያሳዩን፣ ምትክ ቦታው ለእድርተኛው ባንድ አካባቢ እንዲሆን፣ የእድሩ መጋዘን ለብቻው እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። እንጀራ ሻጯን በየትኛው አንቀጽ እንደማስገባት ገና አላገኘሁም።