«መርሲ፣ በቃኝ» ያልኩበት የወይን ለቀማ

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ የደረስኩት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ለአንድ ዓመት የልውውጥ ትምህርት። ትምህርት እስኪጀመር አንድ ወር ገደማ ቀርቶኛል፤ የቤት ማስያዣ ከፍዬ በእጄ የቀረው ገንዘብ ግን ወሩን አያዘልቀኝም። ፈረንሳይ ውስጥ በተማሪነት የሚኖር የውጭ አገር ሰው በዓመት እስከ 964 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ወይን ለቀማ ሄድኩ።

ማሳው ሴንት ኤሚልዮን ነው፣ ከቦርዶ በባቡር 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የድሮ የድንጋይ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ካለው የወይን ማሳ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግባለች። በቦርዶ አካባቢ ብዙው ወይን አሁን በማሽን ስለሚለቀም በእጅ የሚያስለቅም ማሳ ቀድሞ መፈለግ ይሻላል። እኔ የገባሁት አንድ ሰው ቀርቶ በሱ ቦታ ነው። እናንተ ከሐምሌ ጀምራችሁ ጠይቁ፤ ውሉንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሥራው ጠዋት ጤዛ ላይ ይጀመራል። ሁለት ሰው በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቆማል። ዘለላውን በግራ እጅ ከሥር ደግፎ አንገቱን በመቀስ መቁረጥ ነው፤ ሲነገር ቀላል ነው። ሜርሎ የሚሉት የምንለቅመው የወይን ዓይነት ግን ቅጠል ውስጥ ይደበቃል፣ ጭማቂው ጣት ላይ ይደርቅና መቀሱን እንደ ሙጫ ይይዘዋል፣ ተርቡም ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን የጎረቤቴን ፍጥነት ልከተል ስል የሌባ ጣቴን ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ ከፊት ለፊቴ ካለው ሰው ጋር እያወራሁ መልቀም ለመድኩ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ እጁ የት እንዳለም ታውቃላችሁ። ፈረንሳይኛዬም የተፈታው እዚያ ነው፣ ወገቤ እየተቆረጠ።

ከወገቤ ይልቅ የጎዳኝ ግን ይሉኝታዬ ነው። ምሳ የሚያበስሉልን የባለማሳው እናት ነበሩ፤ ሁላችንም ማዳም እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ድስቱ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ፣ ቤት እንደለመድኩት «መርሲ፣ በቃኝ» አልኩ፤ «መርሲ» አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሁለተኛ «ብይ እንጂ» እስክባል እየጠበቅሁ። ድስቱ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ፤ አልተመለሰም። እዚያ አገር «አይ» ካሉ አይ ነው፤ ደጋግሞ መለመን ሰውን ማስጨነቅ ይመስላቸዋል። ከሰዓቱን በዳቦ ብቻ ጨረስኩት።

ዓርብ ደግሞ የበሬ ወጥ መጣ። ጾም ነው ብዬ እንደ መናገር ሆዴን አሞኛል አልኩ። ማዳም ደንግጠው መድኃኒት ሊያመጡ ተነሡ፤ ሥራ አቁሜ እንድተኛም አዘዙ። በዚያ ደግነት ፊት ውሸቴ አሳፈረኝና እውነቱን ነገርኳቸው፦ ረቡዕና ዓርብ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም አልበላም። «ታዲያ ምስር ትበያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በጾም ቀን በወይራ ዘይት የተሠራ ምስር ለብቻው ይቀመጥልኝ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ በመጀመሪያው ሰኞ ብናገር ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ በረሃብ አልለቅምም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከቤት ይዤው የሄድኩት ጠቅሞኛል። ለቃሚው እርስ በርሱ በሁለተኛው ቀን «ቱ» መባባል ጀመረ፣ እንደ እኛ «አንተ»ና «አንቺ»። እኔ ማዳምን እስከ መጨረሻው «ቩ» አልኳቸው። አንቱታን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይከብድም፤ እሳቸውም እንደ ወደዱት ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ገብቶ «ቦንዡር» ሳይሉ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ሱቅም ቢሆን፣ አውቶቡስም ቢሆን ነውር ነው። ሰላምታ ያደገበት አገር ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ይይዘዋል።

ለቀማው ሲያልቅ ዠርቦድ የሚሉት ግብዣ አለ። መስከረም 17 ላይ ዋለ፤ በመስቀል ቀን። ደመራ የለም፣ የአደይ አበባ የለም። ጠዋት ሻንጣዬን ከፍቼ እናቴ ያስያዘችኝን ቡና አወጣሁ፣ በማዳም መጥበሻ ቆላሁትና እያጨሰ በጠረጴዛው ዙሪያ አዞርኩት። ሁሉም አሸተተ። ባለማሳው «እናንተ ጋ ወይንስ አለ?» ሲለኝ፣ ካስቴል የተባለው የእነሱው የቦርዶ ኩባንያ ዝዋይ አጠገብ ወይን እንደተከለ ነገርኩት። ቶና ላይ ማዳም እጃቸውን ሲኒው ላይ አድርገው «መርሲ፣ በቃኝ» አሉ። «በሞቴ!» አልኳቸው በአማርኛ፣ ጀበናውን እንደያዝኩ። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ እጃቸውን ከሲኒው አነሡ።