የበረንዳው ሽቦ

ዛሬ ጠዋት አንድ ሠራተኛ እርግብ እንዳይገባ ብሎ በረንዳው ላይ የሽቦ መረብ ወጠረ። ከሰዓት በኋላ ራሱ አወለቀው። የምንከባከባቸው አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ «እኔ ባሕርን በሽቦ ውስጥ አይቼ ጨርሻለሁ» አሉት። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። እኔም ቢሆን የገባኝ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ከዋልኩ በኋላ ነው።

(በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። በአፌ «አንቺ» እላቸዋለሁ፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።)

የተወለዱት ፖላንድ ነው። ከእናታቸው ጋር ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ካዛክስታን ስላሳለፉት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሲመለሱ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኬልሴ ከተማ ውስጥ 42 አይሁዶች ተገደሉ፤ ጀርመኖቹ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ነው። እናትየው ልጃቸውን ይዘው ሸሹ። ወዴት ቢሉ፣ አሜሪካኖች ወደ ያዙት የጀርመን ክፍል፣ ወደ ስደተኞች ሰፈር።

ፍልስጤምን የምታስተዳድረው እንግሊዝ በሯን ከሞላ ጎደል ዘግታ ስለነበር ለብዙዎቹ ወደዚያ መሄጃው በስውር ነበር። በ1947 ሐምሌ፣ ሴት ከሚባለው የፈረንሳይ ወደብ (ስሙ እንደ እኛው «ሴት» ነው የሚነበበው) 4,500 ያህል ሰው ጭኖ «ኤክሶደስ» ተነሣ። አሮጌ የወንዝና የባሕረ ሰላጤ መርከብ ነበር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ገና ባሕር ላይ ሳለ ገጭተው ያዙት፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። አሮጊቷ ያን ጊዜ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃይፋን አዩ። ረገጧትም፣ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው እስኪሻገሩ ድረስ።

ሽቦው የነበረው በሁለተኛው መርከብ ላይ ነው። ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ወደቡ አጠገብ ከሦስት ሳምንት በላይ «አንወርድም» ብለው ተቀመጡ። ከጥቂቶች በቀር የወረደ የለም። በመስከረም ሃምቡርግ ላይ አራገፏቸው። ከጀርመን ሸሽተው፣ እንደገና ጀርመን!

ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጤምን ለአይሁድና ለዓረብ አገር ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ ጀርመን ውስጥ ስደተኞች ሰፈር ነበሩ። 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከተቆጠቡት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ እስከ ዛሬ እኔን ይወቅሱኛል።

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ እዚህ እስራኤል የገባነው በሱዳን በኩል ነው። አንድ ቀን «እናንተን ከሱዳን ማን መለሳችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልመለሰንም አልኳቸው። «ዕድለኞች ናችሁ» አሉ። ደሜ ፈላ። ታናሽ እህቴን ኡም ራኩባ በሚባለው የሱዳን ስደተኞች ሰፈር ቀብረናታል። ከጎንደር ተነሥቶ በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ያለቀው ወገናችን ወደ 4,000 ይጠጋል። ሁለት ቀን ሥራዬን ብቻ እየሠራሁ ዝም አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን የእህቴን ስም ጠየቁኝና በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በ1948 መጨረሻ ሃይፋ ሲገቡ ለእናትና ልጅ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ቤቱ የዓረብ ቤተሰብ ነበር። በዚያው ዓመት ጸደይ ከተማው በጦርነት ሲያዝ አብዛኛው ዓረብ ነዋሪ በጀልባና በመኪና ሸሽቶ ወጥቷል፤ እንዲመለስም አልተፈቀደለትም። መደርደሪያው ላይ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ስድስት ሰሃኖች ተደርድረው ነበር። እናትየው «ሲመጡ እንሰጣቸዋለን» ይሉ ነበር አሉ። እርሳቸውም ስደተኛ ሆነው ሳለ እንዲህ ማለታቸው ይገርመኛል፤ ግን ቤቱንም አልለቀቁም። አምስቱ በዘመን ብዛት ተሰበሩ።

ስድስተኛው ላይ ማንም አይበላም። ዓርብ ዓርብ ለብ ባለ ውኃ አጥቤ አደርቀዋለሁ። ዛሬም ሳጥበው ጠርዙ በአንድ በኩል ተሸርፎ አገኘሁት። እኔ እንዳልሆንኩ ነግሬያቸዋለሁ።