የጀበናዋ ክዳን

የአኒሜሽን ስቱዲዮአችን አለቃ አንድ ታሪክ አለው። ሬንደር (ኮምፒውተሩ ምስሉን ሠርቶ የሚያወጣበት ሥራ) በዘገየ፣ መብራት በሄደ፣ በተለይ ደመወዝ በዘገየ ቁጥር እሱኑ ያወራልናል።

እ.ኤ.አ. 1986፣ ዳላስ፣ አሜሪካ። የኮምፒውተር ግራፊክስ ሰዎች ሲግራፍ በሚሉት ጉባኤያቸው ላይ ተሰብስበዋል። በዚያው ዓመት ራሱን የቻለው ኩባንያ ፒክሳር «ሉክሶ ጁኒየር» የምትባል በኮምፒውተር የተሠራች አጭር ፊልም ያሳያል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ናት፤ ሁለት የጠረጴዛ መብራትና አንድ ኳስ። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። መብራቶቹ በተወዛወዙ ቁጥር ግን ጥላቸው አብሮ ይዞራል። ያኔ ይሄ ጉድ ነበር። ሲያልቅ ጂም ብሊን፣ በሙያው አንቱ የተባለው፣ ወደ ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር ይመጣል። ላሴተር «ስለ ጥላው ሊያፋጥጠኝ ነው» ብሎ ሲሰጋ፣ ሰውየው «ትልቁ መብራት እናት ነው አባት?» አለው።

እዚህ ላይ አለቃችን ዝም ብሎ ያየናል። «ገባችሁ?»

ገብቶናል። ያቺው ትንሽ መብራት ዛሬም ፒክሳር ፊልም በከፈተ ቁጥር እየዘለለች ከስሙ አንዷን ፊደል ትጨፈልቃለች፤ እንዴት አይገባን።

ከዚያ የቡና ማስታወቂያ መጣ። ትልቅ ጀበና፣ ትንሽ ጀበና። ላሴተር እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፈው ጽሑፍ ላይ ትንሹን መብራት ትልቁን በማሳነስ ብቻ እንዳልሠራው ይናገራል። ዘንጎቹ አጠሩ እንጂ አልቀጠኑም። አምፖሉ ጭራሽ አልተነካም፤ አምፖል ከሱቅ ይገዛል እንጂ ከልጅ ጋር አያድግማ! ይቺን ነገር ወደድኳት። የትንሿን ጀበና ሆድ ነፋ፣ አንገቷን አጠር አደረግሁና የትልቋን ክዳን እንዳለ ጫንኩባት።

ደንበኛዋ መጡ። ነጠላ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት። ሁለቴ አዩት። አለቃዬ ያቺን የዳላሷን ጥያቄ እየጠበቀ ጠቀሰኝ።

«የኔ ልጅ፣ ቡና አፍልተህ ታውቃለህ?»

«እጠጣለሁ እንጂ…»

«ያስታውቃል። ይሄን የሚያህል ክዳን እዚህች አንገት ላይ?»

«እትዬ፣ እሱ ሆን ተብሎ ነው። አምፖል ከሱቅ ስለሚገዛ…»

«የምን አምፖል?»

አለቃዬ በጠረጴዛው ሥር ረገጠኝ። እናት ናት አባት ብሎ የጠየቀ የለም። ስለ ጥላውም ቢሆን የጠየቀ የለም፤ ሦስት ሌሊት ያደርኩበት ጥላ!

ክዳኑን አሳነስኩ። ማታ ቤት ገብቼ የእናቴን ጀበና ደግሜ ደግሜ አየሁት። ሴትየዋ ልክ ናቸው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ባለፈው አዲስ ልጅ ተቀጠረች። አለቃችን ዳላስን ተረከላትና ቀጠለ፦ «የእኛዋ ደንበኛስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ትልቋ እናቷ ናት አክስቷ?›»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እና ምን አላችኋቸው?»

የወሩ መጨረሻ ነበር። ደመወዝ ገና አልገባም።

«አክስቷ ናት አልናቸው» አልኳት።